በስልክ ስክሪን ላይ የሚነደው እሳትና የፊዚክስ ትምህርታችን

በአንድ የመመረቂያ ጥናት ርእሶች መምረጫ ስብሰባ ላይ የሆነውን በማስታወስ እንጀምር። አንዲት የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ፣ ባለ ሁለት አውታረ መጠን በሆነ፣ ማለትም ወርድና ቁመት ብቻ ባለው የሞባይል ጌም ውስጥ የእሳት፣ የጢስና የፍንዳታ ኢፌክቶችን ስለ መሥራት ለማጥናት ጥያቄ አቅርባ ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «ይህ ጨዋታ ነው፤ ፊዚክሱ የት አለ?» ሲሉ ሌሎቹ ሣቁ፤ ርእሱም ወደቀ። እኛም በስብሰባው ነበርን፤ አንዳችም ቃል አልተነፈስንም።

ዝምታችን ስሕተት እንደ ነበረ ያወቅነው በማግሥቱ ነው። ተማሪዋ ስልኳን ይዛ ወደ ቢሯችን መጣችና «ዶክተር፣ ርእሱስ ይቅር፤ ግን ይህች ፋኖስ ለምን እንደምታብድ ቢነግሩኝ» አለችን። በስክሪኑ ላይ ጨለማ ምድር ቤት ይታያል። አንድ በርሜል ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው ይበተናል፤ ጢሱ ይነሣል፤ ከጣሪያው በሰንሰለት የተንጠለጠለች ፋኖስም በፍንዳታው ግፊት ትወዛወዛለች። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ፋኖሷ ቀስ በቀስ በመርጋት ፈንታ ውዝዋዜዋን እያሰፋች ትሄዳለች፤ ጥቂት ሴኮንዶች ሲያልፉ ማንም ሳይነካት ከጣሪያው ጋር ትላተማለች። ወደ ፋኖሷ ኋላ እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን ስለምን እንደምንናገር ግልጽ እናድርግ።

የጌም ሠዓሊዎች «ኢፌክት» የሚሉት ከሰውም ከቤትም ያልሆነውን ነገር ሁሉ ነው፦ እሳት፣ ጢስ፣ ሯጩ ከእግሩ ሥር የሚያስነሣው አቧራ፣ የውኃ ፍንጥቅጣቂ፣ ሰይፍ በአየር ላይ ጥሎት የሚያልፈው የብርሃን ፈለግ። ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። ይሁን እንጂ እነሱ ባይኖሩ ጨዋታው በድን ነው፤ አቧራ የማያስነሣ ውድቀት ወረቀት በወረቀት ላይ የወደቀ ያህል ክብደት የለውም።

ኢፌክትን ለመሥራት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱን ቅጽበት በእጅ መሣል ነው። ሥዕሎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው በተራ ይታያሉ። ይህ መንገድ ውብ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ወርዱም ቁመቱም 256 ፒክስል የሆነ ሥዕል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲያዝለት (ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነቱ መጠን)፣ ካልታመቀ በቀር 262,144 ባይት ይወስዳል። 16 ሥዕል ያለው አንድ ፍንዳታ ብቻ ከ4 ሚሊዮን ባይት በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሥዕሎቹን እንደ ቆጣቢ ነጋዴ ይቆጥራል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢታደስም የጢሱ ሥዕል በሴኮንድ 12 ጊዜ ብቻ ቢለወጥ ዓይን ብዙም አይከፋውም። የካርቱን ፊልም ሠሪዎችም በሴኮንድ 24 ምስል በሚያሳየው ሲኒማ ላይ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ በማሳየት ሲቆጥቡ ኖረዋል።

ሁለተኛው መንገድ የቅንጣቶች መንገድ ነው። አንዲት ትንሽ ሥዕል ትወሰድና መቶ ጊዜ ትባዛለች፤ እያንዳንዷ ቅጂ የራሷ ቦታ፣ ፍጥነት፣ መጠን፣ ቀለም፣ ግልጽነትና ዕድሜ ይሰጣታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም.አይ.ቲ.) በተሠራው «ስፔስዋር» በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የምትመታ መንኰራኵር በተበታተኑ ነጥቦች ትፈነዳ ነበር። ዘዴውን በሥርዓት አደራጅቶ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያቀረበው ግን የሉካስፊልም ባልደረባ የነበረው ዊልያም ሪቭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው «ስታር ትሬክ 2፦ ዘ ራዝ ኦፍ ካን» ለተባለው ፊልም በፕላኔት ላይ የሚስፋፋ እሳት ከሠራ በኋላ፣ በ1983 አሠራሩን አሳተመ። ዛሬ በማናቸውም የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኘው የቅንጣት መሣሪያ የዚያ ሥራ ዝርያ ነው።

ቦታ፣ ፍጥነት፣ ዕድሜ! የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ ጆሮው ሊቆም ይገባዋል።

በመጀመሪያ እሳትንና ጢስን እንመልከት። ጀማሪ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ ይደራርባቸዋል፤ ውጤቱም ጭቃ የመሰለ እሳት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጢስ ከኋላው ያለውን ብርሃን ይጋርዳል፤ እሳት ግን የራሱን ብርሃን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለጢስ፣ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን በከፊል እየተቀነሰ የጢሱ ቀለም ይተካበታል፤ ለእሳት ግን ያለው ብርሃን ላይ ሌላ ብርሃን ይደመራል። አንዱ የጢስ ድርብ ከኋላው ካለው ብርሃን 70 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ ሦስት ድርብ 34 በመቶ ያህል፣ ዐሥር ድርብ ደግሞ 3 በመቶ እንኳ የማይሞላ ያሳልፋል። ይህ ተማሪዎቻችን የቢርና የላምበርት ሕግ እያሉ ለፈተና የሚሸመድዱት የብርሃን መዋጥ ሕግ ነው። በቤተ ሙከራ ቀለም ያለው ፈሳሽ አጥተን የተውነውን ሙከራ ተማሪው በአውራ ጣቱ ሊሠራው ይችላል።

በእሳቱ ላይ ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብርቱካንማ ቅንጣቶች ሲደራረቡ ቀዩ ቀድሞ የስክሪኑ የመጨረሻ ወሰን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አረንጓዴው ይከተላል፤ በመጨረሻም ሰማያዊው። በዚህም ምክንያት እሳቱ ከዳር ብርቱካንማ፣ ወደ ውስጥ ቢጫ፣ መካከሉ ላይ ነጭ ይሆናል። ይህን ያየ ተማሪ «የጋለ ብረት ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ የሚሄድበት የፕላንክ ሕግ ይህ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። አይደለም። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው፤ አንዱ የሚመጣው ከሙቀት፣ ሌላው ከስክሪን ዐቅም ማነስ ነው። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሁለት ነገሮች አንድ ምክንያት ላይኖራቸው እንደሚችል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እኛ አላገኘንም።

የጢስን እንቅስቃሴ ለመሣል የሚሻ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን ልብ ብሎ ይመልከት። አየሩ ጸጥ ካለ ጢሱ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ይወላውላል፤ ከዚያም ተጠቅልሎ ይበታተናል። የዚህ ሁከት ምሥጢር የተቋጠረበት የናቪዬና የስቶክስ እኩልታ ዛሬም የሒሳብ ሊቃውንትን እያስጨነቀ ነው፤ የክሌይ የሒሳብ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከመደበላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ ስለዚሁ እኩልታ ነው። የጌም ሠዓሊ እኩልታውን አይፈታም። የጢሷን ሥዕል ቀስ እያደረገ ያዞራታል፣ ያሰፋታል፣ ያደበዝዛታል፤ ዓይንም ይስማማል። ይህ ማጭበርበር ነውን? እኛ ማቅለል እንለዋለን፤ የፊዚክስ ሊቅም ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው እሱኑ ነው።

በፍንዳታ ላይ ግን ሠዓሊው መዋሸት ግድ ይሆንበታል። ቲ.ኤን.ቲ. በተባለው ፈንጂ ውስጥ የፍንዳታው ሞገድ በሴኮንድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ስድሳኛ ውስጥ፣ ከ100 ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው። እውነተኛውን እናሳይ ብንል ተጫዋቹ አንድም ነገር ሳያይ ሁሉ ነገር ያልቃል። ስለዚህ ጥሩ ሠዓሊ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ነጭ ብልጭታ ያሳያል፤ ቀጥሎ እሳቱን በኃይል ይበትነዋል፤ ከዚያ በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ይተወዋል። ፈጥኖ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መርጋት። ይህ የዓይን ዕውቀት ነው፤ ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ሕግ አለው። የአየሩ መቋቋም ከፍጥነቱ ጋር የሚመጣጠን ነው ብንል፣ በሴኮንድ 800 ፒክስል የሚነሣ ቅንጣት፣ የመቋቋሙ መጠን በሴኮንድ 4 ቢሆን፣ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ፍጥነቱ ወደ 13.5 በመቶ ይወርዳል፤ ዕድሜ ልኩንም ቢጓዝ ከ200 ፒክስል አያልፍም። 800 ለ4 ማካፈል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የፍንዳታውን ስፋት በሙከራና በስሕተት ሲፈልግ ሌሊቱን የሚያሳልፍ ተማሪ ይህችን አንዲት ማካፈል ቢያውቅ ምን ያህል እንቅልፍ ያተርፍ ነበር!

እንግዲህ ወደ ፋኖሷ እንመለስ።

ኮምፒዩተር የፔንዱለምን ጉዞ እንደ አንድ የተቃና መስመር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ፍሬም ብቻ ነው። በየፍሬሙ ሁለት ነገር ይሠራል፦ በቦታው ላይ ፍጥነትን በጊዜ አባዝቶ ይጨምራል፤ በፍጥነቱም ላይ አክስለሬሽንን በጊዜ አባዝቶ ይጨምራል። ሁለቱም መስመሮች ማንም የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚቀበላቸው ናቸው። ተማሪዋ በዚሁ ቅደም ተከተል ጽፋቸው ነበር፦ ቦታ መጀመሪያ፣ ፍጥነት ቀጥሎ። በመስመሮቹ ላይ አንዳች የሒሳብ ግድፈት አልነበረም። ታዲያ ፋኖሷ ጉልበት ከየት አመጣች?

የፋኖሷን ቦታና ፍጥነት በአንድ ወረቀት ላይ፣ ቦታውን በአግድም፣ ፍጥነቱን በቁመት ብንሥል፣ በሚገባ በተመረጠ ልኬት ትንሽ ውዝዋዜ ክብ ይሆናል። የክቡ ስፋት ደግሞ የኢነርጂው መጠን መለኪያ ነው። ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ፍሬም ክቡን ተከትሎ አይታጠፍም፤ ክቡን በነካበት ቦታ በቀጥታ መስመር አንድ እርምጃ ይሄዳል። ክብን የሚነካ ቀጥታ መስመር ደግሞ ምን ጊዜም ከክቡ ውጭ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ፋኖሷን ጥቂት ወደ ውጭ ያወጣታል፤ የምትመለስበትም አንድ ጊዜ እንኳ የለም።

መጠኑን እናስላው። ሰንሰለቷ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን አንድ ሙሉ ውዝዋዜ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ስንሄድ ኢነርጂው በየእርምጃው በ1.1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ትንሽ ነው ያሰኛል። ዳሩ ግን 60 ጊዜ ሲባዛ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 1.92 እጥፍ ይሆናል፤ ከሞላ ጐደል እጥፍ ማለት ነው። የውዝዋዜው ስፋትም በየሴኮንዱ በ39 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስልኩ ደካማ ሆኖ በሴኮንድ 30 ፍሬም ብቻ ቢያሳይ፣ እርምጃው ስለሚረዝም ኢነርጂው በሴኮንድ 3.6 እጥፍ ያድጋል። ተማሪዋ «በጓደኛዬ ስልክ ላይማ ይብሳል» ያለችን በዚህ ምክንያት ኖሯል። የጓደኛዋ ስልክ ርካሽ ነበረ።

መድኃኒቱ ሁለቱን መስመሮች ማቀያየር ብቻ ነው። ፍጥነቱ አስቀድሞ ይታደሳል፤ ከዚያ ቦታው በታደሰው ፍጥነት ይንቀሳቀሳል። «መስመሮቹን አቀያይሪና አሳይን» አልናት። አቀያየረች። ፋኖሷ ተወዛወዘች፤ ሃያ ሴኮንድ ጠበቅን፤ አልሰፋችም፣ አልጠበበችም። ተማሪዋ ስልኩን ትክ ብላ ካየች በኋላ «ምንም ሳልጨምር?» አለች። ምንም ሳትጨምር። በዚህ ቅደም ተከተል ኢነርጂው በየፍሬሙ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ እርምጃው አጭር እስከ ሆነ ድረስ አይሸሽም። ፋኖሷ በመጨረሻ እንድትቆም ከተፈለገ የአየሩን መቋቋም ሌላ አንድ መስመር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያ ግን በጸሐፊው ፈቃድ የገባ እንጂ ከስሕተት የተወለደ አይደለም።

ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኤሪን ካቶ የሠራው «ቦክስ ቱ ዲ» የተባለው በብዙ ባለ ሁለት አውታረ መጠን ጌሞች ውስጥ ያለ የእንቅስቃሴ ማስያ፣ ፍጥነትን አስቀድሞ በማደስ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «አንግሪ በርድስ» የቆመው በእሱ ላይ ነው። የዘዴው የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሌላ ስሌት ደግሞ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉ ቬርሌ እ.ኤ.አ. በ1967 አርጎንን የሚመስሉ 864 ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ ለማስላት ተጠቅሞበታል። ያው ስሌት በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው «ሂትማን» በተባለው ጨዋታ ውስጥ የጨርቅንና የወደቀ አካልን እንቅስቃሴ ሲያስላ እናገኘዋለን። የጋዝ ጥናትና የጨርቅ ሥዕል በአንድ መስመር ተገናኙ ማለት ነው። «ፊዚክሱ የት አለ?» ላሉት ባልደረባችን ያን ቀን ልንሰጥ ይገባን የነበረው መልስ ይህ ነበር።

ያች ተማሪ በአራት ዓመት ትምህርቷ «ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለውን በስንት የፈተና ወረቀት ላይ እንደ ጻፈች እግዚአብሔር ይወቀው። ሕጉ ሲጣስና መልሶ ሲጠበቅ በዓይኗ ያየችው ግን ያን ዕለት ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእኛ የመምህራኑ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንፈታው በወረቀት የሚፈታውን ብቻ ነው። ፔንዱለም ላይ ስንደርስ «ማእዘኑ ትንሽ ከሆነ» ብለን እናልፋለን፤ ማእዘኑ ትልቅ ሲሆን ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ተማሪ ቢነሣ ሰዓቱ አልቋል። እኛ ራሳችን በእርምጃ ማስላትን ተለማምደን የተማርነው ለዶክትሬት ጥናት ውጭ አገር በሄድንበት ጊዜ ነው፤ ይህንንም ስንናገር ኀፍረት ይሰማናል፤ ትምህርቱ ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከአንዲት ርካሽ ስልክ ሌላ የሚጠይቀው የለምና።

የሚቃወሙን ሁሉ ከንቱ ናቸው አንልም። ጌም የስንቱን ተማሪ ሌሊት እንደ በላ እናውቃለን፤ በማለዳ ክፍላችን ውስጥ የሚያንቀላፉትን እናያለን። ነገር ግን መጫወትና መሥራት ለየቅል ናቸው፤ አንዲት ጢስ በትክክል እስክትወጣ ሦስት ሰዓት የደከመ ልጅ ለመጫወት ትዕግሥቱም ጊዜውም አይተርፈውም። ሌሎች ደግሞ «ሠዓሊ እኩልታ አያስፈልገውም፤ ዓይን ይበቃዋል» ይላሉ። እውነት ነው። የዲዝኒ ሠዓሊዎች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከመዘገቧቸው 12 የሥዕል መርሆች አንዱ፣ እንቅስቃሴ ሲነሣና ሲያርፍ ቀስ እንዲል የሚያዝዘው ነው፤ ይህንንም ያገኙት በማየትና በመሣል እንጂ በቀመር አይደለም። እኛ ግን ሠዓሊው ፊዚክስ ይማር አላልንም፤ የፊዚክስ ተማሪ ይሣል ነው ያልነው።

በእኛ ግምት ከሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው ተቃውሞ፣ በጌም ውስጥ ያለው ፊዚክስ ሐሰተኛ ስለሆነ ተማሪን ያሳስታል የሚለው ነው። ሐሰቱ ግን ይለካል። አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሬት አሌን እ.ኤ.አ. በ2010 የ«አንግሪ በርድስ»ን ወፍ በረራ ከቪዲዮ ላይ ፍሬም በፍሬም ለካ። በአግድም ፍጥነቷ የማይለወጥ፣ በቁመት አክስለሬሽኗ ቋሚ ሆኖ አገኘው፤ ስበቱ የምድር ስበት ነው ቢባል ደግሞ ወፏ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ወንጭፉም ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ሊኖራቸው እንደሚገባ አሰላ። የዶሮ ያህል ያልናት ወፍ የበግ ያህል ሆነች! እንዲህ ያለውን ሐሰት የሚያጋልጥ ተማሪ ተሳሳተ ሊባል አይችልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመካኒክስ የቤተ ሙከራ ትምህርት ውስጥ አንድ የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመደብ፤ ሦስት ተማሪ በአንድ ስልክ ይሥራ። የመመረቂያ ጥናት ሆኖ ሲቀርብም እንደ ማንኛውም ጥናት በጥብቅ ይመርመር፦ ኢፌክቱ በሁለት የተለያዩ የፍሬም ፍጥነቶች ተለክቶ ውጤቱ ይነጻጸር፤ ሠዓሊው አውቆ የዋሸበት ቦታም በግልጽ ይጻፍ። በትምህርት ክፍላችን በዚህ ላይ ክርክሩ አልተቋጨም፤ በተለይ ሥዕሉ ራሱ ነጥብ ይሰጠው ወይስ ስሌቱ ብቻ በሚለው አልተስማማንም። እኛ ሥዕሉም ይታሰብ ከሚሉት ወገን ነን፤ አስቀያሚ ጢስ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ጢስ ነውና።

ተማሪዋ ያን ዓመት በሌላ ርእስ ተመረቀች። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ባዘጋጀነው የቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የእሷ ፋኖስ ነው። ፈቃዷን ጠይቀን ሁለቱን መስመሮች ልክ እሷ እንደ ጻፈቻቸው፣ ቦታውን አስቀድመን፣ ፍጥነቱን አስከትለን አትመናቸዋል።